ሁለት ሰው የሚፈልግ ትምህርት፦ ሾናን በኢንተርኔት ቪዲዮ ስለ መማር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሾና የሚባለውን የዚምባብዌ ቋንቋ በኢንተርኔት ቪዲዮ እየተማረ ከሰው ጋር እስከ መጨዋወት እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሾናን ባለቤቶቹ «ቺሾና» ይሉታል። በዚምባብዌ አብዛኛው ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ድንበር ተሻግሮ በሞዛምቢክ በማኒካ በኩል ይነገራል፤ ኑሮ ሲከብዳቸው አገራቸውን ለቀው የወጡ ዚምባብዌያውያንም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ቦትስዋናና ወደ እንግሊዝ ይዘውት ሄደዋል። በ2013 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዕውቅና ከሰጣቸው 16 ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአገሪቱ ስም ራሱ «የድንጋይ ቤቶች» ከሚል የሾና ሐረግ እንደ መጣ ይነገራል፤ ስሙን ያወረሱት በማስቪንጎ አጠገብ ዛሬም ቆመው የሚታዩት የታላቋ ዚምባብዌ የድንጋይ ግንቦች ናቸው።

«ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ኢትዮጵያውያን የሚነግዱበትን ጄፔን የሚያውቅ ሰው መልሱን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። መንገዱ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰይሟል፤ የእኛ ሰው ግን አሁንም ጄፔ ይለዋል። እዚያ ከተደረደሩት ሱቆች ልብስና ጫማ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ ገዝተው ድንበር ከሚያሻግሩት ነጋዴዎች መካከል የዚምባብዌ ሴቶች አሉ። ከኢትዮጵያዊው ባለሱቅ ጎን ቆመው የሚሸጡ ዚምባብዌያውያንም አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ አብረው የሚውሉት እነዚህ ሰዎች የሚግባቡት በጥቂት እንግሊዝኛና በጥቂት የዙሉ ቃላት ነው። ለዋጋ ክርክር ይኸው ይበቃል። አብራችሁ የምትሠራው ልጅ እናቷ ሞታባት ስታለቅስ ግን አይበቃም። በሾና ለቅሶ ቤት ሲገባ «ኔማታምቡድዚኮ» ይባላል፤ እኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንደምንለው። ይህቺን አንዲት ቃል የሚያውቅ ባለሱቅና የማያውቅ ባለሱቅ በዚያች ልጅ ዘንድ እኩል አይደሉም።

ስልኩ ይተርጉምልን የሚሉም አሉ። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱን በ2016 መጀመሪያ ላይ ሲያሰፋ አማርኛና ሾና በአንድ ዙር ነው የገቡት። አገልግሎቱ ጠቃሚ ነው፤ የመድኃኒት ማዘዣ ወይም የኪራይ ውል ለማንበብ እኔም እመርጠዋለሁ። ሰላምታ ግን በስልክ አይተረጎምም። ሰላም የሚላችሁ ሰው ዓይናችሁን እየጠበቀ ነው፤ እናንተ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስትጽፉ የሰላምታው ጊዜ ያልፋል።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። ሾናን ከሩቅ መማር አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም በ1965 የሾና መማሪያ መጽሐፍ ከነድምፅ ቅጂው አውጥቶ ነበር። ይኸው ተቋም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1964 የአማርኛውን አሳትሟል። ሁለቱም ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዘዴ ነው፤ ቴፑ አንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ከዚያ አንዷን ቃል እየለወጠ እንደገና ይላል። እንዲህ ያለው ልምምድ ምላስን ያፍታታል፤ ዛሬም አልንቀውም። የጎደለው ፊት ነው። ተማሪው የተናጋሪውን ከንፈር፣ እጅና ዓይን አያይም። ያንን ያመጣልን ቪዲዮ ነው።

ዛሬ ዩቲዩብ ላይ «ሾና ትምህርት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያገኛል። ከአስተማሪዎቹ መካከል ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ቋንቋውን እንዳይረሱባቸው የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። ይህን ጭንቀት በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በለንደን ልጅ የሚያሳድግ የእኛ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አያቱ ስልክ ደውላ ልጁ ምን እንደሚመልስላት ያጣል። ስለዚህ በእነዚያ ቪዲዮዎች ውስጥ ያለውን ልባዊ ጥረት አከብራለሁ። ነገር ግን ከትምህርቶቹ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፦ አንድ አስተማሪ ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ቀለማትን፣ ቁጥሮችን፣ የሰውነት ክፍሎችን ይዘረዝራል፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የእንግሊዝኛ ፍቺ ይጻፋል። ተማሪው ሃያውን ቀለምና ሠላሳውን እንስሳ ያጠናና ከአንድ ዚምባብዌያዊ ጋር ሲገናኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር አትወጣውም። እጁ ላይ ያሉት ስሞች ናቸው፤ ጨዋታ ደግሞ በስም ዝርዝር አይጀመርም።

ስለዚህ ቪዲዮ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው በምስሉ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ነው። ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ሰው ለካሜራ ከሚናገርበት አንድ ሰዓት ይበልጥብኛል። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እንዴት እንደሚመልስ፣ መልሱ ጥያቄውን እንዴት እንደሚመልሰው፣ በመሃል ስንት ትንፋሽ እንደሚያልፍ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን የምለው በየትኛውም ቋንቋ ላይ የሚሠራ አጠቃላይ ምክር ለመስጠት አይደለም። የሾና ሰላምታ አሠራሩ ራሱ ለብቻ እንዲባል አልተሠራም። ይህን በቅርብ እንየው።

ጠዋት ሰላምታው «ማንጓናኒ» ነው። ቀጥሎ «ማራራ ሄሬ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አደሩ ወይ?» ማለት ነው። መልሱ «ንዳራራ ካና ማራራዎ» ነው፤ «እርስዎ ካደሩ እኔ አድሬአለሁ»። ቀን ላይ «ማሲካቲ» ይባልና «ማስዌራ ሴይ?»፣ እንዴት ዋሉ፣ ይከተላል፤ መልሱ «ንዳስዌራ ማስዌራዎ»፣ እርስዎ ከዋሉ እኔም ውያለሁ። ማታ «ማንሄሩ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ቤቱ እንደ ገባ ይቆጥረዋል፤ እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ፣ እንዴት አመሹ እያልን ነው ያደግነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መልሱን ወደ ላይ እንልከዋለን፤ ነገሩ እዚያ ሊያበቃም ይችላል። ሾና ተናጋሪው መልሱን ወደ ጠያቂው ነው የሚመልሰው። የእኔ ደኅንነት በአንተ ደኅንነት ላይ ቆመ ይላል። ይህን መልስ አንድ ሰው ለካሜራ ሲለው ሐረግ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ሲሉት ግን የመጀመሪያው ሰው እንደገና መናገር ግድ ይሆንበታል፤ ጨዋታው የሚነሣው ከዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን «-ዎ» ልብ በሉ። «ደኅና ነኝ፤ አንተስ?» ስንል «-ስ» የምትሠራውን ሥራ የምትሠራ ናት። «ማካዲ?» ሲሏችሁ፣ እንዴት ነዎት ማለት ነው፣ መልሱ «ንዲሪፖ፤ ማካዲዎ» ነው። የእንግሊዝኛው ትምህርት «ንዲሪፖ»ን «ደኅና ነኝ» ብሎ ይፈታዋል። ቃል በቃል ግን «አለሁ» ነው፤ በቦታዬ አለሁ። አንድ የጎንደር ወይም የደሴ ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «አለን፣ ይመስገን፤ እናንተስ?» ይላሉ። እንግሊዝኛውን በመሃል ስናስገባው ግን ይህ ዝምድና ይጠፋል፤ ከሐራሬ ተነሥተን አዲስ አበባ ለመድረስ በለንደን በኩል የምንዞር እንሆናለን።

የዛሬው ንግግሬ አንድ ትልቅ ምክር ቢኖረው ይህ ነው፦ ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ቢያስረዳችሁም ደብተራችሁን በአማርኛ ጻፉ። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ አስተማሪው «ምሆሮ»ንና «ምሆሮይ»ን ለመለየት ረጅም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ለእኛ ግን «ምሆሮ» ለእኩያና ለልጅ፣ «ምሆሮይ» ለታላቅ ወይም ለብዙ ሰው ነው ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። በትእዛዝም ያው ነው፤ «ታውራ» ተናገር፣ «ታውራይ» ይናገሩ። በሌለ ሰው ላይም እንደዚሁ ነው፤ «ባባ ቫሪፖ ሄሬ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «አባባ አሉ ወይ?» ማለቱ ነው፤ አንድ ሰው ቢሆኑም ግሱ በብዙ ቁጥር ይመጣል፤ እኛ «እሳቸው» እንደምንለው። የማታውቁትን አዋቂ ሰው ሁሉ በአክብሮቱ ጥሩት፤ በዚህ የሚቀየማችሁ አይኖርም።

ዝምድና መጥሪያውም እንዲሁ ከአማርኛ ቢጀመር ይቀላል። በዕድሜ የገፉትን ወንድ «ሴኩሩ»፣ ሴቷን «አምቡያ» ትላላችሁ፤ «ሴኩሩ» አያትም የእናት ወንድምም ነው። አባት «ባባ»፣ እናት «አማይ»፣ የአባት እኅት «ቴቴ» ናት። ልጅ ያላትን ሴት በልጇ ስም «ማይ እገሌ» ማለት ወግ ነው፤ «የእገሌ እናት» እንደምንለው ሁሉ። ልዩነቱ የሚመጣው በወንድምና እኅት ላይ ነው። «ሙኮማ» ከእኔ ጋር በፆታ አንድ የሆነ ታላቄ ነው፤ ለወንድ ታላቅ ወንድሙ፣ ለሴት ታላቅ እኅቷ። ለወንድ እኅቱ፣ ለሴት ወንድሟ ደግሞ «ሃንዝቫድዚ» ይባላሉ። እዚህ ላይ አማርኛችን አይረዳንም፤ ልብ ብሎ ማጥናት ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ቪዲዮ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሾና «የሚያፏጩ» ተብለው የሚጠሩ ድምፆች አሉት። እኔ በፊደላችን «ዝቫካናካ» ብዬ የጻፍሁት ቃል፣ ትርጉሙ «መልካም ነው» የሚሆነው፣ መጀመሪያው እኔ እንደ ጻፍሁት ሁለት ድምፅ አይደለም፤ አንድ ነው። ምላስ «ዝ» በሚባልበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ከንፈር ደግሞ ጠበብ ብሎ ወደ ፊት ሾል ይላል፤ ትንፋሹ በመሃሉ ሲያልፍ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። «ስ»ም እንዲህ ያለ ጓደኛ አለው። ይህን በመጽሐፍ ለማሳየት ብዙ ተደክሟል። የቋንቋ ሊቁ ክሌመንት ዶክ የሾና ቀበሌኛዎች በአንድ አጻጻፍ እንዲጠቃለሉ ያጠናውን ጥናት በ1931 ሲያቀርብ፣ ለእነዚህ ድምፆች የተለዩ ፊደላት ገብተው ነበር፤ በ1955 ፊደላቱ ቀሩና ተራዎቹን የላቲን ፊደላት ጥንድ ጥንድ አድርጎ መጻፍ ተጀመረ። ስለዚህ ዛሬ መጽሐፍ ላይ የሚያነብ ተማሪ ሁለት ፊደል ያያል፤ ሁለት ድምፅም ያወጣል። የአስተማሪውን ከንፈር በቅርብ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ይህን ባንድ ጊዜ ያርመዋል። ምስሉን አቁሙት፤ መስታወት ፊት ቁሙ፤ ከንፈራችሁን ከእርሱ ጋር አስተያዩ።

ሌላው «ብ» እና «ድ» ነው። በሾና «ባባ» ሲባል «ብ»ው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ይወጣል። «-ዳ»፣ መውደድና መፈለግ ማለት ነው፣ እንዲሁ ነው። ኦሮምኛ የሚናገሩ አድማጮች እዚህ ይቀድሙናል፤ በኦሮምኛ በ«ዸ» የሚጻፈው ድምፅ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አየሩ እንደዚያው ወደ ውስጥ ይገባል። ከእንግሊዝኛ የመጡት ቃላት፣ አውቶቡስ «ባዚ»ና ዶላር «ዶራ»፣ በሌላኛው «ብ» እና «ድ» ይነገራሉ፤ በላቲኑ አጻጻፍ «ህ»ን የሚወክለው ፊደል ስለሚጨመርባቸው ይለያሉ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሦስት ልማዶች እንቅፋት ይሆናሉ። የመጀመሪያው ሳድሳችን ነው። በሾና ክፍለ ቃል ሁሉ በአናባቢ ያበቃል፤ አምስት አናባቢ ብቻ አለው፤ እኛ ግን መጨረሻውን መዋጥ ይቀናናል። ሁለተኛው ጥብቀት ነው፤ ሾና አያጠብቅም። የሚረዝመው ከመጨረሻ በፊት ያለው ክፍለ ቃል ነው። ሦስተኛው በ«ንድ» የሚጀምር ቃል ሲመጣብን «እ» እንጨምርበታለን፤ «ንዳራራ» «እንዳራራ» ይሆንብናል። እነዚህን ስሕተቶች ቪዲዮ በማየት ብቻ አትሰሟቸውም፤ የራሳችሁን ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ ከአስተማሪው ድምፅ ቀጥሎ ስታጫውቱት ግን ወዲያው ይሰማችኋል።

ሾና የድምፅ ከፍታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው፤ አጻጻፉ ግን ከፍታውን አያሳይም። በወረቀት ላይ አንድ የሆኑ ቃላት በአፍ ይለያያሉ። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ሐረጉን ከነዜማው ማጥናት ይሻላል። ዩቲዩብ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ለማድረግ ያስችላል፤ ንግግሩ ሲዘገይ የድምፁ ከፍታ አይወርድም። ለዜማ ጥናት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

አሁን ደግሞ እጅን ተመልከቱ። በሾና ወግ ሰላምታና ምስጋና ከጭብጨባ ጋር ነው፤ «ኩኦምቤራ» ይባላል። ወንዱ መዳፎቹን ትይዩ አድርጎ ጣቶቹን አጋጥሞ ያጨበጭባል፤ ሴቷ መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ አንዱን በሌላው ላይ አስተላልፋ ታጨበጭባለች፤ የሁለቱ ድምፅ በጆሮ ይለያል። ምግብ ሲቀርብ፣ ስጦታ ሲሰጥ፣ ታላቅ ሰው ሲገባ ይደረጋል። በሁለት እጅ መቀበል፣ ወይም ቀኝ እጅን ሲዘረጉ ግራውን ክንድ ላይ ማሳረፍ የእኛም ወግ ስለ ሆነ አይከብደንም። ጭብጨባውን ግን ማየት ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ ሊያስተምረው የማይችል ነገር ነውና። በቪዲዮ ላይ አስተማሪው እጁን ከሚታየው ምስል ውጭ አድርጎ ከተናገረ፣ ለእኔ የትምህርቱ ግማሽ ጎድሏል።

ምስጋናው ራሱ «ንዳቴንዳ» ወይም «ማይታ ባሳ» ነው። ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ሰውን በ«ሙቱፖ»ው ማመስገን ነው። ሾናዎች በአባት በኩል የሚወረስ የጎሣ መለያ አላቸው፤ ሹምባ (አንበሳ)፣ ሞዮ (ልብ)፣ ሶኮ (ዝንጀሮ)፣ ንዞው (ዝሆን) የመሳሰሉ ናቸው። «ማይታ ሹምባ» ብሎ የሚያመሰግን ሰው ከግለሰቡ አልፎ አባቶቹን አመሰገነ። በልማዱ አንድ ሙቱፖ ያላቸው ሰዎች አይጋቡም፤ ሰባት ቤት እየቆጠረ ለሚጋባ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የአንድ ወዳጃችሁን ሙቱፖ ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ምስጋናችሁ ላይ ተጠቀሙበት።

ስለ ሰዋስው አጭር እናገራለሁ፤ ከጨዋታ በፊት ሰዋስው ይቅደም ከሚሉት አይደለሁም። የሾና ግስ ለእኛ የተስማማ ነው። «ንዲኖኩዳ» ማለት «እወድሃለሁ» ነው። «ንዲ» እኔ፣ «ኖ» የዘወትር ድርጊት፣ «ኩ» አንተን፣ «ዳ» መውደድ። አማርኛውም አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድ ግስ ውስጥ ጠቅልሎ ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ያስፈልገዋል። በተጨማሪ ሾና ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ» እና «አንቺ»፣ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ናቸው። የሚከብደው የስም ምድብ ነው። «ቺጋሮ ቻንጉ ቺኩሩ»፣ ትልቁ ወንበሬ፤ ሲበዛ «ዝቪጋሮ ዝቫንጉ ዝቪኩሩ»። የስሙ መነሻ ሲለወጥ ቅጽሉም ባለቤትነቱም ይከተለዋል። ምድቦቹ ከደርዘን በላይ ናቸው። በሠንጠረዥ አታጥኗቸው፤ ከነሐረጋቸው በጆሮ ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ ብትሳሳቱም ሰው ይረዳችኋል።

በአንድ ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አጭር ውይይት ምረጡ። መጀመሪያ ሳትጽፉ ስሙት። ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት ጥያቄው እንዳለቀ አቁሙትና አስተማሪው ሳይመልስ እናንተ ጮክ ብላችሁ መልሱ፤ ከዚያ ልቀቁትና አስተያዩ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጠያቂውን እናንተ ሁኑ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ አስገቡት፤ ባል ለሚስት፣ እኅት ለወንድም «ማራራ ሄሬ?» ይባባሉ፤ ጠዋት ከመኝታ ስትነሡ እውነተኛ ሰዓቱ ነው። በማግስቱ ቪዲዮውን ሳትከፍቱ ከራሳችሁ አውጡት። ያልወጣው ላይ ብቻ ተመለሱ። ብዙ ቪዲዮ ማየት ሰው የተማረ ያስመስለዋል፤ እየተከፈተ የሚታይና ከአፍ የማይወጣ ትምህርት ግን ከመዝናናት አያልፍም።

የመማሪያ ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ለአገሩ ሰው የተሠራውን ተመልከቱ። በዩቲዩብ የወጣው «ዋዲዋ ዌፓ ሞዮ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ የዛሬዎቹ የከተማ ልጆች እንዴት እንደሚያወሩ ያሳያል። ኦሊቨር ምቱኩድዚን አድምጡ፤ በጥር 2019 ያረፈው ይህ ዘፋኝ ቃላቱን ጥርት አድርጎ ስለሚያወጣ ለጀማሪ ጆሮ ይመቻል። በእነዚህ ውስጥ አንድ ነገር ያስደነግጣችሁ ይሆናል፤ ሰዎቹ እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ቁጥርና ገንዘብ በተለይ በእንግሊዝኛ ይነገራል። የሐራሬ ሚኒባስ «ኮምቢ» ነው፤ ረዳቱ «ህዊንዲ»፤ መስኮት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ ያጠናችኋቸው የሾና ቁጥሮች በሐራሬው የምባሬ ገበያ ላይ ብዙም ባይጠሩ አትዘኑ፤ አዲስ አበባም ቢሆን ስልክ ቁጥር በእንግሊዝኛ የሚጠራ ሰው ሞልቷል። ቁጥሩን በኋላ አጥኑት፤ ሰላምታውን አሁን።

ቀበሌኛም አለ። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ሾና በብዛት የዜዙሩንና የካራንጋን መሠረት የያዘ ነው። በምሥራቅ፣ በሙታሬ በኩል ያሉት ማኒካዎች ደግሞ የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ ሰዎች የሚለውን ዜዙሩ «ቫንሁ» ሲለው ማኒካው «ዋንሁ» ይለዋል። ንዳው ለረጅም ጊዜ ከሾና ቀበሌኛዎች አንዱ ሆኖ ሲቆጠር ኖሮ፣ በ2013ቱ ሕገ መንግሥት ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኖ ተጠቅሷል። ሁለት ቪዲዮዎች ቢለያዩባችሁ አንደኛው ተሳስቷል ብላችሁ አትፍረዱ፤ አስተማሪው ከየት እንደ ሆነ እወቁ።

እንግዲህ ቪዲዮው የማይችለው ነገር ይቀራል። ስትሳሳቱ አያያችሁም፤ ስትዘገዩ አይጠብቃችሁም፤ «ንዳራራ ካና ማራራዎ» ብላችሁ ስትመልሱለት አድሮ እንደ ሆነ አይነግራችሁም። ሰው መፈለግ ግድ ነው። ጄፔ ላላችሁት ሰውየው አጠገባችሁ ነው። ሐራሬ የምትኖሩም እንዲሁ። ሌላ ቦታ ያላችሁ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት የምትለዋወጡት አንድ ዚምባብዌያዊ ብታገኙ ይበቃችኋል፤ እርሱም አማርኛ ቢፈልግ በልዋጭ ይሁን። መጀመሪያ ላይ አራት ሐረጎች ያዙ፦ «ፓሙሶሮይ»፣ ይቅርታ ላቋርጥዎ፤ «ንዲሪ ኩድዚድዛ ቺሾና»፣ ሾና እየተማርሁ ነው፤ «ታውራይ ዝቪሾማ ኔዝቪሾማ»፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ «ኢቺ ቺኖንዚ ቺ?»፣ ይህ ምን ይባላል? የመጨረሻዋ ከብዙ ቪዲዮ ትበልጣለች፤ በጣታችሁ እያመለከታችሁ ሱቁን ሙሉ ልትጠይቁባት ትችላላችሁ። ሰውየው እንዳይቸግራችሁ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር በትሕትና ወደ ሾና መልሱት።

ቪዲዮውንም አትጣሉት። ከዚያች አብራችሁ ከምትሠራው ልጅ ፊት ክፈቱትና አብራችሁ ተመልከቱ። ውይይቱ ሲያልቅ «በእናንተ ቤት እንዲህ ይባላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ከማስቪንጎ ከሆነች አንድ ነገር ትላችኋለች፤ ከሙታሬ ከሆነች ሌላ። አያቷ እንዴት ይሉት እንደ ነበርም ጠይቁ። የነገረቻችሁን በፊደላችሁ ጻፉት፤ አንብቡላትና ታርማችሁ።